ከስሙኒ እስከ ፈረሱላ፦ በትልልቅ ቁጥሮች እየዘለሉ መቁጠር በ7 ቀን

በ2፣ በ5 እና በ10 እየዘለሉ መቁጠር ለማንም አይከብድም። በ17 ይቁጠሩ ሲባል ግን ብዙ ሰው 34 ላይ ይደርስና ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል። ጣት አያስፈልግም። የማባዛት ሠንጠረዥ መሸምደድም አያስፈልግም። ሦስት ልማዶች ይበቃሉ፦ ቅርብ ወዳለው ድፍን ቁጥር መዝለል፣ ትርፉን መመለስ፣ የመጨረሻውን አሃዝ በዓይን መከተል።

ሥራው በ7 ቀን ተከፍሏል። ለአንድ ቀን አንድ ክፍል ይበቃል። ክፍሎቹን በቅደም ተከተል ይሥሩ፤ የአንዱ ቀን ሥራ ለቀጣዩ መሠረት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር
• እርሳስ፣ ላጲስ እና መቅረጫ
• ቀይ እስክሪብቶ
• ማስመሪያ
• የሻይ ብርጭቆ
• 20 ፍሬ ሽምብራ

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ቃላት ይያዙ። «ዝላይ» በእያንዳንዱ ጊዜ የሚጨምሩት ቁጥር ነው። «ማረፊያ» ዘለው የደረሱበት ቁጥር ነው። «ድፍን ቁጥር» በ0 የሚያልቅ ቁጥር ነው።

ቀን 1፦ በስሙኒ መቁጠር

ደረጃ 1. ደብተሩን ይክፈቱ። በገጹ አናት ላይ 25 ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 2. ከሥሩ አራት ዓምድ ያስምሩ። ዓምዶቹ አራት አሃዝ የሚይዝ ስፋት ይኑራቸው።

ደረጃ 3. በመጀመሪያው መስመር 25፣ 50፣ 75፣ 100 ብለው ይጻፉ። በአንድ ዓምድ አንድ ቁጥር ብቻ ይግባ። በአንድ ካሬ ውስጥም አንድ አሃዝ ብቻ ይጻፉ።

ደረጃ 4. የጻፉትን በገንዘብ ስም ያንብቡ፦ ስሙኒ፣ ሽልንግ፣ ሦስት ስሙኒ፣ ብር። ጮክ ብለው ያንብቡ። ጆሮ ዜማውን ቶሎ ይይዛል።

ደረጃ 5. ወደ ሁለተኛው መስመር ይውረዱ። 125፣ 150፣ 175፣ 200 ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 6. በዚሁ መንገድ እስከ 10ኛው መስመር ይቀጥሉ። የመጨረሻው ማረፊያ 1,000 መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ ቦታ ዘልለዋል፤ ከላይ ጀምረው ይፈትሹ።

ደረጃ 7. አሁን ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች ያንብቡ። የመጀመሪያው ዓምድ ሁሉ በ25 ያልቃል። ሁለተኛው በ50፣ ሦስተኛው በ75፣ አራተኛው በ00 ያልቃል። የሚለወጠው የመቶ ቤቱና ከእሱ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ደረጃ 8. ደብተሩን ይዝጉ። 10 ፍሬ ሽምብራ በግራዎ ያስቀምጡ። በቃልዎ ከ25 ይነሡ። ድፍን መቶ ላይ በደረሱ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ቀኝ ያሻግሩ። ሽምብራው ሲያልቅ አፍዎ ላይ ያለው ቁጥር 1,000 መሆን አለበት።

ደረጃ 9. አሁን ይመለሱ። ከ1,000 ተነሥተው 975፣ 950፣ 925፣ 900 እያሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በእያንዳንዱ መቶ አንድ ሽምብራ ወደ ግራ ይመልሱ።

ጥንቃቄ፦ 200 ካሉ በኋላ በቀጥታ 250 ማለት የተለመደ ስህተት ነው። በስሙኒ ፈንታ በሽልንግ ዘለሉ ማለት ነው። ከመቶ በኋላ ሁልጊዜ ስሙኒዋን ይጥሩ።

ቀን 2፦ ሦስት ስሙኒ፣ ብር ከስሙኒ

ዛሬ በ75 እና በ125 ይዘላሉ። ሁለቱም የትናንቱ ስሙኒ ዘመዶች ናቸው።

ደረጃ 10. አዲስ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ። አናቱ ላይ 75 ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 11. ይህን ሕግ ከጎኑ ያስፍሩ፦ «100 ጨምር፣ 25 መልስ።» በ75 መዝለል ማለት ይኸው ነው።

ደረጃ 12. 75 ብለው ይነሡ። 100 ሲጨምሩ 175፣ ስሙኒ ሲመልሱ 150። ይጻፉት። እንደገና 100 ሲጨምሩ 250፣ ስሙኒ ሲመልሱ 225። ይጻፉት። ቀጣዩ 300 ነው።

ደረጃ 13. ሦስት መስመር ይሙሉ፦
75፣ 150፣ 225፣ 300
375፣ 450፣ 525፣ 600
675፣ 750፣ 825፣ 900

ደረጃ 14. የመጨረሻ ሁለት አሃዞችን በቀይ ያስምሩባቸው። 75፣ 50፣ 25፣ 00 ይላሉ። ይህ የትናንቱ ቅደም ተከተል ነው፤ የሚሄደው ግን ወደ ኋላ ነው። በየዝላዩ አንዲት ስሙኒ ስለሚመልሱ ነው።

ጥንቃቄ፦ ከ300 ወደ 375 ሲሻገሩ የመቶ ቤቱ አይለወጥም። 475 ካሉ አንድ መቶ አብዝተዋል። 600 እና 900 ላይም ያው ነው።

ደረጃ 15. በሌላ ገጽ አናት ላይ 125 ብለው ይጻፉ። ይህ ብር ከስሙኒ ነው። ሕጉም በስሙ ውስጥ አለ፦ 100 ይጨምሩ፣ ከዚያ 25 ይጨምሩ።

ደረጃ 16. ሁለት መስመር ይሙሉ፦
125፣ 250፣ 375፣ 500
625፣ 750፣ 875፣ 1,000

ደረጃ 17. የመቶ ቤቱን ብቻ ያንብቡ። 1፣ 2፣ 3 ብሎ 5 ላይ ይዘላል። 6፣ 7፣ 8 ብሎ 10 ላይ ይዘላል። አራት መቶም ዘጠኝ መቶም የሚባል ማረፊያ የለም። አራት ስሙኒዎች ተጠራቅመው አንድ መቶ ስለሚሆኑ በየአራተኛው ዝላይ መቶው በሁለት ይነሣል።

ደረጃ 18. ይህን በቃልዎ ይያዙ፦ 8 ዝላይ በ125፣ 1,000 ነው። ከ1,000 በኋላ ያው መዝሙር ከፊቱ ሺህ ጨምሮ ይደገማል፦ 1,125፣ 1,250፣ 1,375፣ 1,500።

ቀን 3፦ የመጨረሻውን አሃዝ መከተል

ዛሬ ስሌት የለም፤ ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል ግን ለቀሪዎቹ ቀናት ሁሉ የስህተት መያዣ ወጥመድ ይሆናል።

ደረጃ 19. የሻይ ብርጭቆውን በደብተሩ ላይ ይድፉት። ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ።

ደረጃ 20. በክቡ ዙሪያ 10 ነጥብ በእኩል ርቀት ያድርጉ። መጀመሪያ ከላይና ከታች አንድ አንድ ነጥብ ያስቀምጡ። ከዚያ በቀኝ አራት፣ በግራ አራት ያክሉ።

ደረጃ 21. የላይኛውን ነጥብ 0 ይበሉት። ወደ ቀኝ እየዞሩ 1፣ 2፣ 3 እያሉ እስከ 9 ይሰይሙ። 5 ከታች መዋል አለበት።

ደረጃ 22. በ13 ይዝለሉ፦ 13፣ 26፣ 39፣ 52፣ 65፣ 78፣ 91፣ 104፣ 117፣ 130። የአንድ ቤቱን ብቻ ነቅሰው ይጻፉ፦ 3፣ 6፣ 9፣ 2፣ 5፣ 8፣ 1፣ 4፣ 7፣ 0።

ደረጃ 23. ከ0 ተነሥተው ወደ 3፣ ከ3 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 9 በማስመሪያ መስመር ይሳቡ። እስከ 0 ይቀጥሉ። ባለ 10 ጫፍ ኮከብ ይወጣል።

ደረጃ 24. ሁለተኛ ክብ ይሥሩ። አሁን በ14 ይዝለሉ። የአንድ ቤቱ 4፣ 8፣ 2፣ 6፣ 0 ይላል። መስመሩን ይሳቡ። ባለ 5 ጫፍ ኮከብ ይወጣል።

ደረጃ 25. በ12 ይሞክሩ። 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 0 ይላል። ኮከብ ሳይሆን አምስት ጎን ያለው ቅርጽ ያገኛሉ።

ደረጃ 26. በ15 ይሞክሩ። 5፣ 0፣ 5፣ 0 ይላል። ክቡን መሐል ለመሐል የሚከፍል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ደረጃ 27. በ17 ይሞክሩ። 7፣ 4፣ 1፣ 8፣ 5፣ 2፣ 9፣ 6፣ 3፣ 0 ይላል። የ13 ኮከብ ራሱ ነው፤ የሚዞረው ግን ወደ ግራ ነው። 3 እና 7 ሲደመሩ 10 ስለሆኑ በ7 ወደፊት መሄድና በ3 ወደ ኋላ መመለስ አንድ ነጥብ ላይ ያደርሳሉ።

ደረጃ 28. ከሥዕሎቹ ሥር ይህን ያስፍሩ፦
• በ1፣ 3፣ 7 ወይም 9 የሚያልቅ ዝላይ አሥሩንም አሃዞች ይረግጣል።
• በ2፣ 4፣ 6 ወይም 8 የሚያልቅ ዝላይ አምስት አሃዞችን ብቻ ይረግጣል።
• በ5 የሚያልቅ ዝላይ ሁለት አሃዞችን ይረግጣል።
• ድፍን ዝላይ ከተነሣበት አይነቃነቅም።

ቅርጹን የሚወስነው የዝላዩ የመጨረሻ አሃዝ ብቻ ነው። 13፣ 43፣ 113 እና 2,003 አንድ ኮከብ ይሠራሉ። ከ0 ተነሥተው በ114 ሲዘሉ 7 ላይ የሚያልቅ ቁጥር ከመጣ ሒሳብ መፈተሽ አያስፈልግም፤ ተሳስተዋል።

ቀን 4፦ ወደ ድፍኑ ዘልሎ መመለስ

ደረጃ 29. በአዲስ ገጽ ከላይ ወደ ታች 100፣ 200፣ 300 እያሉ እስከ 1,000 ይጻፉ።

ደረጃ 30. ከጎናቸው ሌላ ዓምድ ይክፈቱ። ከ100 ላይ 1፣ ከ200 ላይ 2፣ ከ300 ላይ 3 እየቀነሱ ይጻፉ። 99፣ 198፣ 297፣ 396፣ 495፣ 594፣ 693፣ 792፣ 891፣ 990 ያገኛሉ። በ99 ዘለሉ ማለት ነው።

ደረጃ 31. ከ198 ጀምረው እስከ 990 የሦስቱን ቤቶች ለየብቻ ወደ ታች ያንብቡ። የመቶ ቤቱ ከ1 ወደ 9 ይወጣል። የአንድ ቤቱ ከ8 ወደ 0 ይወርዳል። መሐል ያለው 9 ቦታውን አይለቅም። የመቶ ቤቱና የአንድ ቤቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 9 ናቸው።

ደረጃ 32. በ98 ይሞክሩ። አሁን የሚመልሱት 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እያለ ያድጋል። 98፣ 196፣ 294፣ 392፣ 490፣ 588፣ 686፣ 784፣ 882፣ 980።

ደረጃ 33. በ19 ይሞክሩ። ድፍኑ 20 ነው፤ የሚመለሰው 1። 19፣ 38፣ 57፣ 76፣ 95፣ 114፣ 133፣ 152፣ 171፣ 190።

ደረጃ 34. የአንድ ቤቱን በጣትዎ ይሸፍኑ። የቀረውን ያንብቡ፦ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 19። ጎዶሎ ቁጥሮች ተራ በተራ ቆመዋል። ጣትዎን ያንሡ። የአንድ ቤቱ 9፣ 8፣ 7 እያለ ወደ 0 ይወርዳል።

ደረጃ 35. በ999 በቃልዎ ይዝለሉ፦ 999፣ 1,998፣ 2,997፣ 3,996። እስከ 9,990 ይድረሱ። በ99 ከቻሉ በ999 ይችላሉ፤ መሐል ላይ አንድ 9 ተጨመረ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

ጥንቃቄ፦ ሁለት አካሄዶችን አይቀላቅሉ። ካለፈው ማረፊያ ተነሥተው 100 ከጨመሩ የሚመልሱት 1 ብቻ ነው። ከ100፣ 200፣ 300 ዓምድ ከተነሡ ግን በሦስተኛው ዝላይ 3፣ በሰባተኛው 7 ይመልሳሉ። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት።

ቀን 5፦ በፈረሱላ መቁጠር

በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለቱን ማገናኘት የሚፈልግ ሰው በ17 መዝለል ግዴታው ነው።

ደረጃ 36. ከ1 እስከ 10 ተራ ቁጥር ወደ ታች ይጻፉ። እነዚህ የፈረሱላው ብዛት ናቸው።

ደረጃ 37. ሕጉን ይያዙ፦ «20 ጨምር፣ 3 መልስ።»

ደረጃ 38. 17 ብለው ይነሡ። 37 ብለው 3 ሲመልሱ 34። 54 ብለው 3 ሲመልሱ 51። በዚሁ ይቀጥሉ፦ 68፣ 85፣ 102፣ 119፣ 136፣ 153፣ 170።

ደረጃ 39. 85ን እና 170ን በቀይ ይክበቡ። 5ኛው እና 10ኛው ማረፊያ ናቸው። ሲጠፉ የሚመለሱባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 40. ከ102 ጎን «ኩንታል ከ2 ኪሎ» ብለው ይጻፉ። 6 ፈረሱላ ይህን ያህል ነው።

ደረጃ 41. አሁን ማረጋገጫውን ይሥሩ። የእያንዳንዱን ማረፊያ አሃዞች ይደምሩ። ድምሩ ሁለት አሃዝ ከሆነ እንደገና ይደምሩ። 17 ሲደመር 8። 34 ሲደመር 7። 51 ሲደመር 6። 68 ሲደመር 14፣ እንደገና ሲደመር 5።

ደረጃ 42. ሁሉንም በተራ ይጻፉ፦ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 9፣ 8። ድምሩ በየዝላዩ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ 1 ላይ ሲደርስ ወደ 9 ይመለሳል። ይህ የሚሆነው 17 ከ18 በአንድ ስለሚያንስ፣ 18 ደግሞ የ9 ብዜት ስለሆነ ነው። አንድ ማረፊያ ከዚህ ሰልፍ ከወጣ ስህተቱ እዚያው ነው።

ደረጃ 43. ትልቅ ቁጥር ይሞክሩ። 23 ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው? 23 ጊዜ አይዝለሉ። በ170 ሁለት ጊዜ ይዝለሉ፦ 170፣ 340። ከዚያ በ17 ሦስት ጊዜ፦ 357፣ 374፣ 391። መልሱ 391 ኪሎ ነው።

ደረጃ 44. አሁን ተቃራኒውን ይሥሩ። ከ5 ኩንታል ቡና ስንት ፈረሱላ ይወጣል? በ170 ይዝለሉ፦ 170፣ 340፣ 510። 500ን አለፉ። 510 ማለት 30 ፈረሱላ ነው። አንድ ይመልሱ፦ 493። መልሱ 29 ፈረሱላ ከ7 ኪሎ ነው።

ጥንቃቄ፦ ስንተኛው ዝላይ ላይ እንዳሉ በቃል ለመያዝ አይሞክሩ። በአንድ ዝላይ አንድ ሽምብራ ያሻግሩ። አፍ ኪሎውን ይቁጠር፣ እጅ ፈረሱላውን ይቁጠር።

ቀን 6፦ ራሳቸውን የሚያጋልጡ ቁጥሮች

ደረጃ 45. ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በ37 ይዝለሉና ይሙሉ፦
37፣ 74፣ 111
148፣ 185፣ 222
259፣ 296፣ 333

ደረጃ 46. ሦስተኛውን ዓምድ ያንብቡ። 111፣ 222፣ 333። ሦስት ዝላይ በ37፣ 111 ስለሆነ ነው።

ደረጃ 47. ቀሪውን በ37 እየደመሩ አይሥሩ። ከላይኛው መስመር ላይ 111 እየጨመሩ ይውረዱ፦
370፣ 407፣ 444
481፣ 518፣ 555
592፣ 629፣ 666
703፣ 740፣ 777
814፣ 851፣ 888
925፣ 962፣ 999

ደረጃ 48. መስመሮቹን ይቁጠሩ። 9 መስመር በ3 ዓምድ፣ 27 ዝላይ ነው። 27ኛው ማረፊያ 999 ነው።

ጥንቃቄ፦ 111 ሲጨምሩ እያንዳንዱ አሃዝ በ1 ይነሣል። 9 ካለ ግን 0 ጽፈው 1 ይያዙ። 259 ወደ 370 የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። 296 ላይም ልብ ይበሉ፦ 6 ወደ 7፣ 9 ወደ 0 ሄዶ 1 በእጅ፣ 2 ወደ 4። ውጤቱ 407።

ደረጃ 49. አሁን ወደ መቶ ሺዎቹ ይውጡ። 142,857 ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 50. በዚሁ ቁጥር አንድ ጊዜ ይዝለሉ። 285,714 ያገኛሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዩ። ስድስቱ አሃዞች ያው ናቸው፤ መነሻቸው ብቻ ተቀይሯል።

ደረጃ 51. በብርጭቆው ሌላ ክብ ይሥሩ። ዙሪያውን ወደ ቀኝ 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7 ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 52. መደመሩን ይተዉ። ከክቡ ላይ ያንብቡ። ለ3ኛው ማረፊያ ከ4 ይነሡ፦ 428,571። ለ4ኛው ከ5፦ 571,428። ለ5ኛው ከ7፦ 714,285። ለ6ኛው ከ8፦ 857,142። መነሻዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8 ብለው ይያዙ።

ደረጃ 53. ሰባተኛውን ዝላይ በእርሳስ ይደምሩ፦ 857,142 እና 142,857። ድምሩ 999,999 ነው። ክቡ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ለሰባተኛው ማረፊያ ክቡን አያንብቡ።

ቀን 7፦ በ11 እየዘለሉ 30 መጣል

የመጨረሻው ቀን ሥራ ከባሕረ ሐሳብ፣ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ይመጣል። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሲባል ልዩነቱ 11 ነው። ይህ 11 በየዓመቱ ይጠራቀማል። 30 ሲሞላ አንድ ወር ነውና ይገደፋል፤ የሚቀረው አበቅቴ ይባላል።

ደረጃ 54. ከ0 እስከ 18 ተራ ቁጥር ወደ ታች ይጻፉ። ይህ ወንበር ነው፤ በ19 ዓመት ዙር ውስጥ የዓመቱ ተራ ማለት ነው።

ደረጃ 55. ከ0 አጠገብ 0 ይጻፉ። ከ1 አጠገብ 11፣ ከ2 አጠገብ 22።

ደረጃ 56. ቀጣዩ 33 ነው። 30 ይጣሉ። 3 ይጻፉ።

ደረጃ 57. ከ3 ይቀጥሉ። 14፣ 25። ቀጣዩ 36 ስለሆነ 30 ጥለው 6 ይጻፉ። እስከ መጨረሻው ይሂዱ፦ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18።

ደረጃ 58. ሦስተኛ ዓምድ ይክፈቱ። አበቅቴውን ከ30 እየቀነሱ ይጻፉ፦ 30፣ 19፣ 8፣ 27፣ 16፣ 5 እያለ ይቀጥላል። ይህ መጥቅዕ ነው። ሊቃውንቱ ወንበሩን በ19 አባዝተው 30 ሲገድፉ የሚያገኙት ቁጥር ይኸው ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ በ19 ወደፊት መዝለልና በ11 ወደ ኋላ መመለስ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። የቀን 3ቱን የ13 እና የ17 ኮከቦች ያስታውሱ፤ ምሥጢሩ አንድ ነው።

ደረጃ 59. በእውነተኛ ዓመት ይፈትኑት። 2018 ዓ.ም.ን ይውሰዱ። 5,500 ይጨምሩበት፦ 7,518።

ደረጃ 60. 7,518ን ለ19 ያካፍሉ። 13 ይተርፋል። ከቀሪው 1 ይቀንሱ። ወንበሩ 12 ነው።

ደረጃ 61. በሠንጠረዥዎ 12ኛውን ወንበር ይፈልጉ። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። ይደምሯቸው። 30 ከሆነ ሥራዎ ትክክል ነው።

ጥንቃቄ፦ ለ19 ሲያካፍሉ ምንም ካልተረፈ ወንበሩ 18 ነው። ወንበሩ 0 ሲሆን አበቅቴ የለም፤ መጥቅዑ 30 ይሆናል።

ከልጅ ጋር ሲጫወቱት

ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጡ። ታናሹ ዝላዩን ይምረጥ። አንዱ አንድ ማረፊያ ይጥራ፣ ሌላው ቀጣዩን። የተሳሳተ አንድ ሽምብራ ይክፈል። ልጁ ሲዘገይ መልሱን አይንገሩት፤ «ድፍኑ ስንት ነው?» ብለው ብቻ ይጠይቁት። ድፍኑን ካገኘ የቀረውን ራሱ ይመልሳል። ፍጥነት በመጀመሪያው ቀን አይጠይቁ። 10 ማረፊያ ያለስህተት ከጠሩ በኋላ ብቻ ያፍጥኑ።

ስህተት ሲያጋጥም

• ማረፊያው ከክቡ ሥዕል ጋር ካልተስማማ የአንድ ቤቱን ስሌት ይፈትሹ።
• የአንድ ቤቱ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ከበዛ ወይም ካነሰ በእጅ የያዙትን 1 ረስተዋል ወይም ሁለት ጊዜ ደምረዋል።
• ስንተኛው ላይ እንዳሉ ከጠፋዎት ወደ 5ኛው ማረፊያ ይመለሱ። ወደ መጀመሪያው መመለስ አያስፈልግም።

ነገ ጠዋት ማንም ያልመረጠልዎትን ቁጥር ይውሰዱ፤ 23 ይሁን። ከ25 ላይ 2 እየመለሱ ይዝለሉ። ዳኛው አሥረኛው ማረፊያ ነው፤ ከተነሡበት ቁጥር ኋላ 0 የጨመረ መሆን አለበት። 230 ላይ ካረፉ ወደ 24 ይለፉ። ካላረፉ እርሳስዎን ያንሡና ከ115 ጀምረው ይፈትሹ።